ፎቶ በማኑዋል እንዴት ይነሳል፦ ከኤክስፖዠር እስከ ፍላሽ

ካሜራ በአውቶ፣ ማለትም ብርሃኑን ራሱ እየወሰነ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ የማይባል ፎቶ ያወጣል። ጣጣው ወጥ አለመሆኑ ነው። የሚነሳው ሰው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲል ከኋላው መስኮት ይገባና ፊቱ ይጠቁራል፤ ሲመለስ ደግሞ ይነጣል። በማኑዋል፣ ማለትም ቅንብሩን በእጁ እየወሰነ የሚሠራ ባለሙያ ግን ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ሃያ ፎቶ ቢያነሳ ሃያውም አንድ ዓይነት ይወጣለታል። ማኑዋል የሚመረጠው ለዚህ እንጂ አውቶ የሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

1. ካሜራውን ያዘጋጁ

የሞድ ማዞሪያውን ማኑዋል ላይ ያድርጉ። አውቶ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት ራሱ የሚመርጥበትን) ያጥፉ፤ ካልጠፋ ማኑዋል ላይ ሆነውም ካሜራው በጓሮ በር ገብቶ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ይለውጥብዎታል። የፋይሉን ዓይነት ሮው (ካሜራው ያላመቀው ጥሬ ፋይል) ያድርጉት። የተለመደው የታመቀ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲይዝ 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል፤ ልዩነቱ የሚታየው የጠቆረ ጥላን ኮምፒውተር ላይ ለማንሳት ሲሞከር ነው። ከሜኑው ውስጥ ሂስቶግራሙን (የፎቶው ጨለማና ብርሃን ስርጭት ግራፍ) እና የተቃጠለውን፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ የሆነውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ፈልገው ያብሩ። የስክሪኑ ድምቀት ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ እሱንም ያጥፉት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ደምቆ የታየ ፎቶ ቤት ሲገባ ጨለማ ሆኖ የሚገኘው ስክሪኑን በማመን ነው።

2. በስቶፕ መቁጠር

ወደ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ ወደሚሠራው የካሜራ ክፍል፣ የሚገባውን ብርሃን የሚወስኑት ሁለት ናቸው፦ አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ እና የሸተር ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት። አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም፤ የገባውን አጉልቶ ያሳያል። ሦስቱም የሚቆጠሩት በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ መጨመር እጥፍ ማድረግ፣ አንድ ስቶፕ መቀነስ ማጋመስ ነው።

አፐርቸር፦ ኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16
ሸተር (በሰከንድ)፦ 1/30፣ 1/60፣ 1/125፣ 1/250፣ 1/500፣ 1/1000
አይኤስኦ፦ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1600፣ 3200

የአፐርቸሩ ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳው መጥበቡ ጀማሪን ያደናግራል። ቁጥሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የሚጻፈው) ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኘው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 2 25 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 4 ደግሞ 12.5 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ዲያሜትሩ ሲጋመስ የቀዳዳው ስፋት ወደ ሩብ ስለሚወርድ ከኤፍ 2 እስከ ኤፍ 4 ያለው ርቀት ሁለት ስቶፕ ነው።

ብዙዎቹ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ማዞሪያቸው አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል የሚሄደው ሲሶ ስቶፕ ነው፤ ሦስት ጊዜ ቀጭ ሲል አንድ ስቶፕ ሞላ። ጣትዎ ይህን ከለመደ ዓይንዎን ከቪውፋይንደሩ (ከካሜራው መመልከቻ) ሳያነሱ መሥራት ይችላሉ።

1/125፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 እና 1/500፣ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 100 ድምቀታቸው እኩል ነው፤ ከሸተሩ የተወሰደው ሁለት ስቶፕ ለአፐርቸሩ ተሰጥቷል። ፎቶዎቹ ግን አይመሳሰሉም። ሁለተኛው እንቅስቃሴን ይበልጥ አቁሞ ያሳያል፣ ከኋላ ያለውንም ያደበዝዛል። ማኑዋል መሥራት ማለት እኩል ብርሃን ከሚሰጡ ብዙ አማራጮች መካከል ለሥራው የሚሆነውን መምረጥ ነው።

3. የትኛው ይቅደም?

የሚነሳው ነገር ይንቀሳቀሳል? ከሆነ ሸተሩ ይቀድማል። ለሚሮጥ ሰው ከ1/500 በታች አይውረዱ፣ 1/1000 ይሻላል። እየተናገረ እጁን ለሚያወናጭፍ ሰው 1/250፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ 1/125 ይበቃል። በእጅ ይዘው ሲያነሱ ደግሞ የሸተሩ ቁጥር ከሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማነስ የለበትም፦ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/200 ወይም ከዚያ የፈጠነ። ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊ ሜትር) የሚያንስ ካሜራ ላይ ርዝመቱን በካሜራው ማባዣ ቁጥር፣ ለብዙዎቹ 1.5 ገደማ፣ ያባዙት። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ሰው አያቆምልዎትም፤ ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

የሚነሳው ነገር የማይንቀሳቀስ ከሆነ አፐርቸር ይቅደም። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8፣ ከ2 ሜትር ርቀት አንድን ፊት ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዓይን ጠርቶ ሌላው የሚፈዘው ለዚህ ነው። ለአንድ ሰው ከኤፍ 2.8 እስከ 4፣ በሁለት ረድፍ ለቆመ ቡድን ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ያዋጣል። ከኤፍ 16 በላይ መሄድ ግን ጥራት አይጨምርም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን መላው ፎቶ ይለሰልሳል።

አይኤስኦ የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱ ከተወሰኑ በኋላ የጎደለውን እሱ ይሞላል። «አይኤስኦ ከ400 አይለፍ» የሚለው ምክር ብዙ ፎቶ አበላሽቷል። ኖይዝ፣ ማለትም አይኤስኦ ሲጨምር የሚታየው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ፣ በሶፍትዌር ይቀነሳል፣ ተንቀጥቅጦ የወጣ ፊት ግን አይመለስም። ጨለማ አድርጎ አንስቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማድመቅም ኖይዙን አያስቀረውም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ካሜራ ጥላው ውስጥ ያለውን ያባብሰዋል።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ቢጠፋ እንኳ መነሻ የሚሆን አሮጌ ስሌት አለ። ፀሐይ በጠራ ሰማይ ላይ ደምቃ ስታበራ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ያድርጉ፣ የሸተሩን ቁጥር ከአይኤስኦው ጋር ያቀራርቡ፦ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ወይም 1/125። ቀጭን ደመና ሲመጣ ወደ ኤፍ 11፣ ሙሉ ደመና ሲሆን ወደ ኤፍ 8፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ወደ ኤፍ 4 ይክፈቱ።

4. መለኪያውን ማንበብ እንጂ መታዘዝ አይደለም

የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር ማለት ነው። ነጭ ግድግዳ ሞልቶ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልማል፤ ጥቁር መጋረጃ ሲያይ «አንሷል» ብሎ ያነጣዋል። ሠርግም ሆነ ምርቃት ሲነሳ ነጭ ልብስ ግራጫ ሆኖ፣ ጥቁር ፊት ደግሞ መልኩ ጠፍቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ጥቁር ቆዳ ያላት ሴት እያነሱ ነው እንበል። መለኪያውን ስፖት ላይ (አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካበት) ያድርጉና ብርሃን ያረፈበት ጉንጯ ላይ ይለኩ። መርፌውን ዜሮ ላይ ካሳረፉት ፊቷ ከመልኳ በላይ ይነጣል፤ ስለዚህ ከዜሮ በታች 1 ስቶፕ ላይ ያሳርፉት። ጠይም ከሆነች ዜሮ ራሱ ወይም ሲሶ ስቶፕ ወረድ ይበቃል፤ ለነጭ ቆዳ ደግሞ ከዜሮ በላይ 1 ነው። አሁን ስፖቱን ሸሚዙ ላይ አድርገው ያንብቡት። ከዜሮ በላይ 2 አካባቢ ከሆነ የጨርቁ እጥፋት አልጠፋም፤ 3 ካለፈ እየተቃጠለ ነው።

አንድ ያንሱና ማስጠንቀቂያውን ይመልከቱ። የሸሚዙ ሰፊ ክፍል ብልጭ ድርግም ካለ ሸተሩን በሲሶ በሲሶ ያፍጥኑ፤ ፊቷ ከሚገባው በላይ ከመጥቆሩ በፊት ያቁሙ። ሮው ቢያነሱም ሂስቶግራሙ የሚሠራው ከጄፔግ ቅጂው ስለሆነ ሮው ፋይሉ ከሚታየው ጥቂት ይበልጥ ይይዛል፤ ትንሽ ብልጭታ አያስደንግጥ። አሁንም ፊቷና ሸሚዙ ካልታረቁ ችግሩ ከካሜራው አይደለም። አካሏን ከመብራቱ ትንሽ ዞር አድርገው ፊቷን ብቻ ወደ መብራቱ ይመልሱ፤ በፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ሳይቀንስ የሸሚዙ ይቀንሳል።

5. ፎከስ

አንድ የፎከስ ነጥብ ይምረጡና ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ ያሳርፉት። ካሜራዎ ዓይን የሚከተል ፎከስ ካለው ይጠቀሙበት። መሃል ነጥብ ላይ ፎከስ አድርጎ ካሜራውን ወደ ጎን ማዞር በኤፍ 8 ምንም አይልም፤ በኤፍ 1.8 ግን ጥራቱን ከዓይን ወደ ጆሮ ለመውሰድ ያቺ ትንሽ መዞር ትበቃለች።

6. ቀለም

ብርሃን ቀለም አለው፤ የሚለካውም በኬልቪን ነው። የድሮው አምፖል 2,700 እስከ 3,000፣ የቀትር ፀሐይና ፍላሽ 5,500 አካባቢ፣ ሰማይ ብቻ የሚያበራው ጥላ 7,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን ቅንብር) ከአውቶ አውጥተው አንዱ ላይ ይቆልፉት፤ በተለይ ብዙ ፎቶ በአንድ ላይ የሚታረም ከሆነ። የማይታረመው የተደባለቀ ብርሃን ነው፦ የፊት ግማሽ ከመስኮት ሰማያዊ፣ ግማሽ ከአምፖል ብርቱካንማ ከሆነ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። መፍትሔው የክፍሉን አምፖል ማጥፋት ነው።

ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠሩ አንዳንድ መብራቶች ዓይን ባያየውም ይርገበገባሉ። መስመሩ 50 ኸርትዝ ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው፤ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ሰንበር ከታየ ሸተሩን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ያውርዱ። በ60 ኸርትዝ 1/60 ወይም 1/125 ይሆናል።

7. ብርሃኑን ማስቀመጥ

እስካሁን ያለው ሁሉ በሳምንት ይለመዳል። ፎቶን ከፎቶ የሚለየው ይህኛው ነው።

የጥላ ጠርዝ ስለታም ወይም ለስላሳ የሚሆነው የብርሃኑ ምንጭ ከተነሺው ቦታ ሲታይ ባለው ስፋት ነው። ፀሐይ ግዙፍ ናት፤ ከሩቅ ስለሆነች ግን እንደ ነጥብ ታበራለች፣ ጥላዋም ስለታም ነው። ደመና ሲሸፍናት ሰማዩ በሙሉ ምንጭ ይሆናል። 60 ሴንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (መብራትን የሚያለሰልስ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን) ከፊት 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ለስላሳ ነው፤ ያው ሶፍትቦክስ 3 ሜትር ሲርቅ ጥላው ይደርቃል። «ሶፍትቦክስ ገዝቼ አልለሰለሰም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያራቀው ሰው ነው። ለጥቁር ቆዳ ሰፊና ቅርብ ምንጭ በተለይ ይስማማል፤ የፊት ቅርጽ የሚወጣው ቆዳው ላይ በሚያርፈው ነጸብራቅ ስለሆነ፣ ሰፊ ምንጭ ሰፊና ረጋ ያለ ነጸብራቅ ይሰጣል። ትንሽ ምንጭ ግን ግንባር ላይ ቅባት የመሰለ ነጭ ነጥብ ይተዋል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ከትንሽ ምንጭ የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሁለት ስቶፕ ማለት ነው። ይህ ከተነሺው በስተኋላ ላለው ግድግዳ ይጠቅማል። መብራቱ ከሰውየው 1 ሜትር፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ሲሆን ግድግዳው ላይ የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛ ነው፤ ነጩ ግድግዳ ጥቁር ግራጫ ይሆናል። መብራቱን ወደ ኋላ ወስደው ከሰውየው 3 ሜትር፣ ከግድግዳው 5 ሜትር ሲያደርጉት ልዩነቱ ወደ አንድ ተኩል ስቶፕ ይወርዳል። ግድግዳውን ቀለም ሳይቀቡ የሚለውጡት እንዲህ ነው።

ሦስተኛው አቅጣጫ። መብራቱን ከፊቱ 45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ ከዓይን ከፍታ ትንሽ በላይ ያቁሙትና የአፍንጫውን ጥላ ይከተሉ። ወደ አፍ ጥግ አዘንብሎ ከንፈር ሳይነካ ከቆመ ልክ ነው። ከንፈር ላይ ከወረደ ወይም የዓይን ጉድጓድ ከጨለመ መብራቱ ከፍ ብሏል። ዓይኑ ውስጥ የመብራቱ ብልጭታ ካልታየ ፊቱ የሞተ ይመስላል፤ አገጩን ቀና ያስደርጉት ወይም መብራቱን ዝቅ ያድርጉ። መነጽር ላይ ካንጸባረቀ መብራቱን ከፍ ያድርጉ፣ ወይም የመነጽሩን ክንድ ከጆሮው ጥቂት ከፍ አድርገው መስታወቱን ወደ ታች ያዘንብሉት።

ይህን ሁሉ ያለ ምንም ወጪ የሚለማመዱት በመስኮት ነው። ቀጥታ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ይምረጡ፣ ሰውየውን 1 ሜትር አርቀው በጎን ያስቀምጡ፣ ፊቱን በትንሹ ወደ መስኮቱ ያዙሩት። መነሻ፦ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 4፣ 1/125፤ ከዚያ ጉንጩ ላይ ይለኩ። በጨለማው ጎን ነጭ ሰሌዳ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ ሲቆም ጥላው ይነሳል። ሰሌዳውን እያራቁ ያንሱ፤ ጥላው ከብርሃኑ ጎን በሁለት ስቶፕ ሲያንስ ፊቱ ቅርጽ ይይዛል፣ ሲተካከል ደግሞ ጠፍጣፋ ይሆናል።

8. ፍላሽ

ፍላሽ የሚበራው ለሰከንድ እጅግ ትንሽ ሽራፊ ስለሆነ ሸተሩ አያገኘውም። ስለዚህ ሸተሩ የክፍሉን ብርሃን፣ አፐርቸሩና አይኤስኦው ደግሞ ሁለቱንም ይቆጣጠራሉ። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፍተው ክፍሉ ከትክክለኛው አንድ ስቶፕ ጠቆር ብሎ እንዲወጣ ያስተካክሉ። ከዚያ ፍላሹን በማኑዋል 1/8 ኃይል ላይ ያብሩ፣ አንድ ያንሱ፣ ፊቱ እስኪስተካከል ኃይሉን ብቻ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ከሰውየው በስተኋላ ያለው ይጨልም ካሉ ሸተሩን ያፍጥኑ፤ ፊቱ አይነካም።

ወሰኑ የካሜራው ሲንክ ፍጥነት (ሴንሰሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበት ፈጣኑ ሸተር) ነው፤ ብዙውን ጊዜ 1/200 ወይም 1/250። ከዚያ ካለፉ የሸተሩ ሁለት መጋረጃዎች አብረው ስለሚጓዙ የሴንሰሩ ከፊል ይሸፈናል፣ ፎቶውም ላይ አንድ ጎን ጥቁር ይሆናል። ሃይ ስፒድ ሲንክ (ፍላሹ በተከታታይ ብልጭ የሚልበት አሠራር) ይህን ያስቀራል፣ ኃይሉን ግን በብዙ ይቀንሳል።

ካሜራ ላይ የተሰካ ፍላሽን ፊት ለፊት ከመተኮስ ወደ ነጭ ጣሪያ ማዞር ይሻላል፤ ጣሪያው ሰፊ ምንጭ ይሆናል። ሁለት ስቶፕ ወይም ከዚያ በላይ ኃይል ይበላል፣ ጣሪያው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ፊቱም አረንጓዴ ነው። በተከታታይ ሲያነሱ የመጀመሪያው ደምቆ ሦስተኛው ከጨለመ ፍላሹ ሞልቶ ሳይጨርስ እያነሱ ነው፦ ኃይሉን ከሙሉ ወደ 1/4 ያውርዱ፣ አይኤስኦውን በሁለት ስቶፕ ከፍ ያድርጉ፤ ይህ የክፍሉንም ብርሃን ስለሚያደምቅ ሲንክ ፍጥነቱን ሳያልፉ ሸተሩን የሚቻለውን ያህል ያፍጥኑ።