ታድሶ በወጣ ክላሲክ መኪና ላይ ቀለሙ ሲያብጥ

መጀመሪያ የእብጠቱን ዓይነት ይለዩ። የመርፌ ራስ የሚያህል ሆኖ ገላውን ሙሉ ከወረረና ጫፉ ከተበሳ፣ ቀለም ቀቢው ቸኩሏል፤ የፊተኛው ሳይደርቅ ደርቦበት ቲነሩ መውጫ አጥቷል። በደንብ ይድረቅ፣ ይሞረድ፣ እንደገና ይቀባ።

የምስር ፍሬ አህሎ ከበሩ የታች ጠርዝ ወይም ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው ገላ) ጥግ ከጀመረ ግን ዝገት ነው። እኔ ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣው ይኸው ነው። በጥፍር ሲጭሩት ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ዝገቱ ሳይቆረጥ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ሊጥ) ተለጥፎበታል ማለት ነው። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ በውሃ ሞርዶ ሳያደርቁ መቀባት ደግሞ እርጥበቱን ከላሜራው ጋር ቆልፎ ማስቀመጥ ነው።

አንዴ «ለትርኢት የተዘጋጀ» የተባለ መኪና መጣልኝ። ቀለሙ ፊት ያሳያል። ፓራፋንጎው ላይ ማግኔት ባስጠጋ መሬት ወደቀ። ስቱኮውን ስፈነቅል ሁለት ጣት ይወፍራል፣ ከሥሩ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። ላሜራ የሚባል ነገር የለም! ባለቤቱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

(ማግኔት ብቻውን አይፍረድ። የድሮ ላንድ ሮቨር ገላ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ አይይዘውም።)

የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለዎት የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያሳያል። ከ1000 ካለፈ ከሥር ስቱኮ አለ።

መፍትሄው መቁረጥ ነው። ዝገት መለወጫ ኬሚካል ቀብቶ መሸፈን ራስን ማታለል ነው። ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ይቁረጡ፤ ውፍረቱ እኩል የሆነ ላሜራ ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየቀያየሩ ይበይዱ፤ በአንድ ትንፋሽ ከበየዱት ይጣመማል። የተሞረደውን ብረት በባዶ እጅ አይንኩ፣ ላብ ያዝገዋል። በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ባዶ ብረት ላይ የሚያርፍ የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባ። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፣ በደረቁ ይሞረድ። ብየዳው የውስጡን ቀለም ስላቃጠለው ከውስጥ ሰም ይረጭ። ይህን የሚዘለው ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ከበሩ ሥር በርዝመት የሚያልፈው ተሸካሚ ብረት ገላው ሳይደገፍ ተቆርጧል። ክሮም ከተላጠ ገፎ እንደ አዲስ ማስነከር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። ፋብሪካው ያላብረቀረቀውን ሻንሲ መስታወት ማስመሰልም፣ እንደ ፋብሪካው መሆኑን በሚመዝን የመኪና ትርኢት ዳኛ ፊት ነጥብ ያስቀንሳል።

መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት የበሩን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ይፈትሹ። ቀለም ቀቢዎች ይደፍኗቸዋል። አንዱን በር ስከፍተው ውስጡ እንደ እንስራ ይንቦጫረቅ ነበር፤ ቀለሙ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም።