«ባትል ፎር ሚድል-ኧርዝ 2» ሲጫወቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ የታተመው የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ብዙ የኮምፒውተር ጌሞችን ወልዷል። ከስትራቴጂዎቹ መካከል እኔ የማስቀድመው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን «ዘ ባትል ፎር ሚድል-ኧርዝ 2»ን ነው። የ2004ቱ የመጀመሪያ ክፍል ፊልሞቹን ተከትሎ የተሠራ ነበር። ለሁለተኛው ግን ኩባንያው የመጽሐፉንም መብት አገኘ። ስለዚህ ፊልሞቹ የዘለሏቸው ነገሮች ገቡ። ግሎርፊንዴል ገባ፣ ቶም ቦምባዲል ገባ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ገባ።

መጽሐፉን ከነአባሪዎቹ ያነበበ ሰው ያስታውሰዋል። የሰዎቹ ከተማ ሚናስ ቲሪት በተከበበችበት ሰሞን የጨለማው ጌታ የሳውሮን ጦር በሰሜን በኩልም ዴልንና ኤሬቦርን ወግቶ ነበር። የዴሉ ንጉሥ ብራንድና የድዋርፎቹ ንጉሥ ዳይን የወደቁት በዚያ ጦርነት ነው። ቶልኪን ይህን በጥቂት መስመር ያልፈዋል። ጌሙ እነዚያን መስመሮች ይዞ ሙሉ ዘመቻ ሠራባቸው። ይህን ጌም አጥብቄ እንድወደው ያደረገኝ ይኸው ነው።

አሮጌ ጌም ነው፣ ግን አሁንም አዳዲስ ሰዎች ይጀምሩታል። ሲጫወቱ ሳይ ደግሞ ብዙዎቹ የሚሸነፉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሌላ ስትራቴጂ ላይ የለመዱትን ይዘው ይመጡና ቤታቸውን አጥረው ይቀመጣሉ። እዚህ ጌም ላይ ግን ገንዘቡ ያለው ሜዳው ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በአንድም በሌላም መንገድ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ።

ከምሽግ አለመውጣት

ጨዋታው ሲጀመር አንድ ምሽግና ጥቂት ግንበኞች ይሰጧችኋል። ጀማሪው ወዲያው ግንብ ማጠር ይጀምራል። ከዚያ ምሽጉ ዙሪያ የቀስት ማማ ይጨምራል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ማማ። ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ተጋጣሚው ካርታውን ገንዘብ በሚያስገባ እርሻ እየሞላው ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የአንዱ ገቢ የሌላውን እጥፍ ይሆናል። ያኔ ግንቡ ምንም አያድንም። ድንጋይ ወርዋሪው ከሩቅ ሆኖ ያፈርሰዋል። ተጋጣሚው ኢሴንጋርድ የሚባለው ወገን ከሆነ ደግሞ ፈንጂ አለው። የሄልምስ ዲፕ ግንብ ምን እንደደረሰበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ግንብ ጭራሽ አይሠራ እያልኩ አይደለም። መግቢያው ጠባብ የሆነ ካርታ ላይ፣ ገቢያችሁ ከተደላደለ በኋላ፣ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ግን እዚያ መሄድ የለበትም።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ተጨማሪ ግንበኛ ከምሽጉ እዘዙ። የተሰጧችሁ ብቻ አይበቁም፣ አንዱ ከተገደለ ደግሞ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ነባሮቹን ወዲያው ገንዘብ የሚያስገቡ ቤቶችን እንዲሠሩ ላኩ። ከዚያ አንድ የወታደር ማሰልጠኛ ሥሩ። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ሲወጡ በር ላይ አታቁሟቸው። ካርታው ላይ የጎብሊን፣ የዋርግና የትሮል ጎሬዎች አሉ። የማንም ወገን አይደሉም። ጎሬውን ስታፈርሱ ሣጥን ይወድቃል፣ ገንዘብ ታገኛላችሁ። ወታደሮቹም ልምድ ይዘው ይመለሳሉ። የትሮሎቹን ጎሬ ግን በአንድ ቡድን አትድፈሩት።

በየካርታው የሚያዙ ሕንፃዎችም አሉ። አንዳንዱ ገንዘብ ይሰጣል፣ ማደሪያ ቤቱ ደግሞ ሌላ ቦታ የማታገኟቸውን ወታደሮች እንድትቀጥሩ ያስችላል። ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሀብት ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

የገቢ ቤቶችን አጠጋግቶ መሥራት

እያንዳንዱ ወገን የራሱ የገቢ ቤት አለው። ሰዎቹ እርሻ፣ ኤልፎቹ የማሎርን ዛፍ፣ ድዋርፎቹ የማዕድን ጉድጓድ፣ ኢሴንጋርድ እቶን፣ ሞርዶር ቄራ፣ ጎብሊኖቹ ደግሞ ዋሻ። ቤቱን ለማስቀመጥ ቦታ ስትመርጡ መሬቱ ላይ ክብ ይታያል፣ ከፐርሰንት ጋር። ያ ቁጥር ቤቱ ከሙሉ አቅሙ ምን ያህል እንደሚያስገባ ይነግራችኋል። ክቡ ከሌላ የገቢ ቤት ክብ ጋር ሲደራረብ ቁጥሩ ይወርዳል።

ብዙ ጀማሪ 50 ፐርሰንት እያየ ያስቀምጠዋል፣ ምሽጉ አጠገብ ስለሆነ ብቻ። ዋጋው ያው ነው፣ ገቢው ግን ግማሽ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ 100 ባለበት ቦታ ሥሩ።

«ራቅ ካለ ይወረርብኛል» የሚል ሰው አለ። አዎ፣ ይወረራል። ግን ተበታትኖ የተሠራን ነገር ለማጥፋት ጠላት ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ አለበት፣ እናንተ ደግሞ በዚያ ጊዜ ትደርሳላችሁ። አንድ ቦታ የተከመረውን ግን በአንድ ጉዞ ጠራርጎት ይሄዳል። መተላለፊያው ላይ ረጅም ጦር የያዘ አንድ ቡድን ካስቀመጣችሁ ፈረሰኛ ወራሪ ዝም ብሎ አያልፍም።

አንድ ዓይነት ጦር ብቻ መሰብሰብ

ይህ የፊልሙ ጥፋት ይመስለኛል። የሮሃን ፈረሰኞች በፔለኖር ሜዳ ሲወርዱ ያየ ሰው ሁሉ ፈረሰኛ ብቻ መግዛት ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል፣ ከዚህ ጌም ደስታዎች አንዱ እሱ ነው። ፈረሰኛ ቀስተኛን ይደመስሳል፣ ባለ ሰይፉንም ረግጦት ያልፋል። ረጅም ጦር ተሰልፎ ሲጠብቀው ግን ያ ሁሉ ወጪ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ረጅም ጦር የያዙት በተራቸው ለባለ ሰይፍ ይረታሉ፣ ቀስት ሲዘንብባቸውም አይችሉም።

ስለዚህ ቅልቅል ጦር ያስፈልጋል። ረጅም ጦር ከፊት፣ ቀስተኛ ከኋላ፣ ጥቂት ፈረሰኛ በጎን። ፈረሰኛውን የምትለቁት የጠላት ረጅም ጦር በሌላ ነገር ሲጠመድ ነው። ከኋላ ዞሮ ቀስተኞቹን ይምታና ይውጣ። አትርሱ፣ ፈረስ ሲቆም አቅሙ ይጠፋል። ኃይሉ ሩጫው ላይ ነው። አንዴ ጥሶ ካለፈ በኋላ ራቅ አድርጋችሁ እንደገና ልቀቁት።

አሰላለፍ ላይም ሰው ይሰንፋል። ማውሱን ተጭናችሁ ስትጎትቱ ጦሩ በምን ስፋትና ወደ የት ዞሮ እንደሚቆም ትወስናላችሁ። ዝም ብሎ ጠቅ ያደረገ ሰው ጦሩ በሰልፍ ተራ እየተንጠባጠበ ይደርሳል፣ ፈጣኑ ቀድሞ ይሞታል። «ቦታህን ያዝ» የሚለውን ትእዛዝም ለቀስተኞቻችሁ ተጠቀሙበት። አለዚያ አንድ የሚሸሽ ኦርክ እያሳደዱ እስከ ጠላት በር ድረስ ይሄዳሉ።

የሞርዶርን ሙማኪል በተመለከተ መጽሐፉን ስሙት። ቶልኪን እነዚያ ግዙፍ እንስሳት ባሉበት የሮሃን ፈረሶች አልቀርብም ብለው ዞር እንዳሉ ይጽፋል። ጌሙም ላይ በፈረስ አትግጠሟቸው። በረጅም ጦርና በእሳት ቀስት ነው የሚወድቁት።

መሣሪያውን አስጠንቶ አለማስታጠቅ

አዲስ ሰው በብዛት የሚወድቅበት ወጥመድ ነው። የተሻለ ሰይፍ፣ ከባድ ጥሩር ወይም የእሳት ቀስት ለማግኘት ሁለት ክፍያ አለ። መጀመሪያ መሣሪያ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ታስጠናላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ ይገዛዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ከፍሎ ሁሉም የታጠቀ ይመስለዋል። ቡድኑን ምረጡ፣ ምልክቱን ተጫኑ፣ ክፈሉ።

የእሳት ቀስት በተለይ ሕንፃን ያነድዳል። ኤልፎች የሚያመጧቸውን ኤንቶችም፣ ማለትም የሚራመዱትን ዛፎች፣ እንዲሁ። ኤንት ላይ እሳት የሌለው ጦር መላክ ሰው መጨረስ ነው።

ሰንደቅ ተሸካሚን አትናቁ። ሰንደቅ ያለው ቡድን ከውጊያ ወጥቶ ሲያርፍ የሞቱበትን ወታደሮች ቀስ በቀስ ይተካል። ስለዚህ ከአሥር አራት የቀሩትን ቡድን እስከ መጨረሻው አታዋጉት። መልሱት፣ ይሙላ፣ ልምዱን እንደያዘ ይመለስ። ሦስት ውጊያ ያየ ቡድን ከአዲስ ሁለት ቡድን ይሻላል።

ጀግኖችን ማባከን፣ ወይም መሰሰት

ሁለቱም ጥፋት ነው። አንዱ ቦሮሚርን ብቻውን ጠላት መሀል ይልከዋል። ሌላው ጋንዳልፍን ገዝቶ «ይሞትብኛል» ብሎ ምሽጉ ጥላ ሥር ያቆመዋል። ጀግና የሚያድገው በመዋጋት ነው። እስከ 10ኛ ደረጃ ይደርሳል፣ ዋና ዋናዎቹ ችሎታዎቹም የሚከፈቱት በመንገድ ላይ ነው። የቆመ ጀግና ባዶ ወጪ ነው።

ቢሞት ደግሞ ለዘለዓለም አይጠፋም። ገንዘብና ጊዜ ከፍላችሁ ከምሽጉ ታስነሡታላችሁ። ጥሩው መንገድ ጀግናውን ከሁለት ሦስት ቡድን ጋር ማሰማራት ነው። አንዳንዶቹ አጠገባቸው ያለውን ጦር ያበረታሉ፣ ብቻቸውን ሲሄዱ ያ ሁሉ ይቀራል። የመጀመሪያውን ገንዘብ ሁሉ አጠራቅማችሁ ውዱን ጀግና ለመግዛት አትቸኩሉ። በዚያ ዋጋ ብዙ እርሻ ይሠራል። ርካሹን አስቀድሙ። ፋራሚር ለጅምር ይበቃል።

ነጥብ እያጠራቀሙ መጠበቅ

በውጊያ የምታገኙት ነጥብ ልዩ ኃይሎችን ይከፍታል። ጀማሪው የሙታንን ሠራዊት ወይም ባልሮግ የተባለውን የእሳት ጭራቅ አይቶ ታችኞቹን ይንቃቸዋል። ታችኞቹ ግን ርካሽ ናቸው፣ ቶሎም ይመለሳሉ። ቀድሞ የተከፈተ የፈውስ ኃይል ብዙ ውጊያ ያሸንፋል። ባልሮግ ሲመጣ ደግሞ ለጊዜው ነው የሚመጣው። ሜዳ ላይ ወታደር እያሳደደ ጊዜው እንዳያልቅበት ቀጥታ ሕንፃ ላይ አውርዱት።

ሁሉንም ወገን አንድ ዓይነት አድርጎ መጫወት

ስድስት ወገን አለ። ድዋርፎች ጠንካራና ቀርፋፋ ናቸው። እነሱን በእግር ከካርታው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬድ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። የማዕድን ጉድጓዶቻቸው እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው ትወጣላችሁ። ጠላት በር አጠገብ ጉድጓድ የቆፈረ ድዋርፍ ቀርፋፋ አይደለም። ጎብሊኖችም በዋሻቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። እነሱ ግን ርካሽና ብዙ ስለሆኑ ቶሎ ማጥቃት አለባቸው። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ይጎዳሉ። ኤልፎች ጥቂትና ውድ ናቸው። ቀስተኞቻቸውን ከፊት ያቆመ ሰው ያዝናል።

በካርታው ዘመቻ ላይ መበታተን

«የቀለበቱ ጦርነት» በሚባለው የጨዋታ ዓይነት መላው ሚድል-ኧርዝ በግዛት ተከፋፍሎ በተራ ትጫወታላችሁ። ስህተቱ በየአቅጣጫው ትንሽ ትንሽ ጦር መላክ ነው። ጦራችሁን ሰብስባችሁ አንዱን አገር እስከ መጨረሻው ያዙ። ውጊያውን ኮምፒውተሩ እንዲጨርሰው መተውም የሚበጀው ብልጫችሁ ግልጽ ሲሆን ብቻ ነው። ተቀራራቢ ከሆነ ራሳችሁ ግቡበት።

ቀለበቱን ሲያገኙ ሁሉን መርሳት

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። የቀለበት ጀግኖችን ምርጫ ከከፈታችሁ ቀለበቱን የያዘው ጎለም የሚባል ፍጡር ካርታው ላይ ተደብቆ ይዞራል። የገደለው ቀለበቱን ያገኛል። ቀለበቱን ምሽጉ ካደረሰ በኋላ ክፉው ወገን ሳውሮንን፣ ደጉ ወገን የኤልፎቹን እመቤት ጋላድሪኤልን መጥራት ይችላል።

መጽሐፉን ያነበበ እዚህ ላይ ይቆማል። በመጽሐፉ ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ ሲሰጣት ጋላድሪኤል አልቀበልም ብላለች። በጨለማው ጌታ ፈንታ ንግሥት እንደምትሆን አይታዋለች። ጌሙ የሚያሳየን እምቢ ያላለችውን ጋላድሪኤል ነው። የጌሙ ሠሪዎች መጽሐፉን በደንብ እንዳነበቡ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

አጨዋወቱ ላይ ግን ሰዎች ብዙ ያጠፋሉ። አንደኛ፣ ጎለምን ፍለጋ ሠራዊታቸውን በሙሉ ያዘምታሉ። ለአሰሳ አንድ ሁለት ፈጣን ቡድን ይበቃል፣ እሱም ለሌላ ሥራ ሲሄዱ በመንገድ። ሁለተኛ፣ ቀለበቱን የያዘው ብቻውን ወደ ቤት እንዲሮጥ ያደርጋሉ። ከተገደለ ቀለበቱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ጠላትም ያነሣዋል። አጅቡት። ሦስተኛ፣ ቀለበቱ ምሽግ ደርሶ ገንዘብ የለም። እነዚህ ሁለት ጀግኖች እጅግ ውድ ናቸው። ጎለምን ከመግደላችሁ በፊት ገቢያችሁ መደላደል አለበት። እዚህም ላይ ዞሮ ዞሮ እርሻ ነው።

አራተኛው ትልቁ ነው። ጋላድሪኤልን ወይም ሳውሮንን አንዴ ካወጡ በኋላ የማይሞት ይመስላቸዋል። ብቻውን ጠላት ምሽግ ውስጥ ይልኩታል። ማማው፣ ቀስቱ፣ ረጅም ጦሩ ሁሉ አንድ ላይ ያርፍበታል። ሲሞት ቀለበቱ እዚያው ጠላት በር ላይ ይወድቃል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፣ ጠላት ያነሣዋል፣ ምሽጉም አጠገቡ ነው። ስለዚህ የጤናው መስመር ግማሽ ሲደርስ መልሱት። ሕንፃውን ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ያፍርሱ፣ እሱ ለማዳን የሚወጣውን ጦር ይጠብቅ።