የተቀዳ ድምፅ ለምትጽፉ
የአንድ ሰዓት ቅጂ ይዛችሁ ቃል በቃል ልትጽፉ ከተቀመጣችሁ፣ ቆይ አንዴ፤ የምትናገሩትን ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ ራሱ ይጽፍላችኋል። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ዶክስን (የጉግል የጽሑፍ መጻፊያ) በክሮም ብሮውዘር ክፈቱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ ስትጫኑ የማይክሮፎን ምልክት ይመጣል። ቋንቋውን አማርኛ አድርጉትና ምልክቱን ተጫኑ።

ቅጂውን ግን በስፒከር አታሰሙት። ጫጫታ ካለበት ወይም ሁለት ሰው እኩል ካወራ ብዙ ቃል ይጠፋል። ይልቅ በኢርፎን እያዳመጣችሁ፣ የሰማችሁትን በራሳችሁ ድምፅ ረጋ ብላችሁ ድገሙት። ትንሽ ያደክማል፤ ግን እርማቱን በጣም ይቀንሳል፣ እመኑኝ።

ስልክ ላይም ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ውስጥ አማርኛን ጨምራችሁ ማይኩን መንካት ነው። አራት ነጥቡን በኋላ በእጅ አስገቡ። ስምና ቁጥር ካለ ደግሞ መልሳችሁ ከቅጂው ጋር አመሳክሩ።