የጠለል ቅርጾችን በባሕርያቸው ለይቶ መሰየም

በወረቀት ላይ የተሣለን ወይም በመሬት ላይ የተቀየሰን የጠለል (ማለትም ጠፍጣፋ) ቅርጽ በትክክለኛ ስሙ ለመጥራት ዓይን ብቻውን አይበቃም። በዕለት ንግግራችን «አራት ማዕዘን» ስንል የምናስበው የበርን ወይም የደብተርን ቅርጽ ነው፤ ቃሉ ግን እንደ ፍቺው ከተወሰደ አራት ማዕዘን ያለውን ሁሉ፣ የተንጋደደውንም ጭምር ያቅፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ አራት ጎን ያለውን ማንኛውንም ቅርጽ ጎነ አራት፣ ከእነዚህም መካከል አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ የሆኑትን ሬክታንግል እንላለን።

በመጀመሪያ ቅርጹ ዝግ መሆኑንና ጎኖቹ ቀጥታ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ከዚያም ጎኖቹን ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል ሲሆኑ እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ይሆናል፣ ሁለቱ ብቻ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ከእኩሎቹ ጎኖች ፊት ለፊት የሚገኙት ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ይሆናሉ። የማናቸውም ሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው።

አራት ከሆኑ ምርመራው ይረዝማል። አንድ ጥንድ ተቃራኒ ጎኖች ብቻ ትይዩ ከሆኑ ቅርጹ ትራፒዝየም ነው፤ ሁለቱም ጥንዶች ትይዩ ከሆኑ ፓራሌሎግራም ነው። ፓራሌሎግራሙ አራቱም ጎኖቹ እኩል ሲሆኑ ሮምበስ፣ አራቱም ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ሲሆኑ ሬክታንግል፣ ሁለቱንም ባሕርያት አንድ ላይ ሲይዝ ካሬ ይባላል። ስለሆነም ካሬ ሁሉ ሬክታንግልም ሮምበስም ነው፤ ሬክታንግል ሁሉ ግን ካሬ አይደለም። ይህን ዝምድና ተማሪ በቃሉ ከሚሸመድደው ይልቅ ራሱ በክርና በማስመሪያ ቢፈትነው እጅግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለፈተናው ዋናው መሣሪያ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሰመረው ሰያፍ መስመር ነው። በፓራሌሎግራም ሁለቱ ሰያፎች እርስ በርሳቸው እኩል ለእኩል ይከፋፈላሉ፤ በሬክታንግል ከዚህ በተጨማሪ ርዝመታቸው እኩል ነው፤ በሮምበስ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ፤ በካሬ ሁሉም ይሟላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ለመሥራት በአራት ችካሎች ዙሪያ ሲባጎ ወጥሮ የቀየሰ ሰው ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ብቻ ሥራው የቀና ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሰያፎቹን ሲለካ አንዱ 5.10፣ ሌላው 4.90 ሜትር ገደማ ከወጣ የቀየሰው የተንጋደደ ፓራሌሎግራም ነውና መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ችካሎቹን ማስተካከል ይኖርበታል፤ ሁለቱም ሰያፎች ልክ 5 ሜትር መሆን አለባቸው። ማዕዘኑን ብቻ ለመፈተሽ ደግሞ ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሴንቲሜትር ላይ ምልክት ማድረግና በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንቲሜትር መሆኑን ማየት ይበቃል።

ጎኖቹ ከአራት ሲበልጡ የውስጥ ማዕዘኖችን ድምር ለማግኘት ከጎኖቹ ብዛት ላይ 2 ቀንሱና በ180 አባዙ። በላሊበላ የሚገኘው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ ክንዶቹ እኩል የሆነ መስቀል ነው፤ የዚህን መስቀል ዙሪያ መስመር በወረቀት ላይ ብንሥል 12 ጎን ያለው ጎነ ብዙ እናገኛለን፣ ድምሩም 10 ጊዜ 180፣ ማለትም 1800 ዲግሪ ይሆናል። ይህንንም አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፦ በክንዶቹ ጫፍ ያሉት 8 ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 90፣ ወደ ውስጥ የገቡት 4ቱ እያንዳንዳቸው 270 ዲግሪ ስለሆኑ 720 እና 1080 ተደምረው ያንኑ 1800 ይሰጣሉ። ወደ ውስጥ የገባውን ማዕዘን 90 ብሎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚለካው በቅርጹ ውስጥ ያለው ክፍል መሆኑን ልብ በሉ።

ክብ ቀጥታ ጎን የለውም፤ መለያውም በጠርዙ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከመሐል ነጥቡ እኩል መራቁ ነው። ጎጆ ቤት ሲቀየስ መሐል ላይ ችካል ተተክሎ ገመድ የሚዞረው በዚሁ ባሕርይ ነው። ገመዱ 3 ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ፣ ማለትም ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት 3፣ ዲያሜትሩ፣ ማለትም በመሐል አልፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት 6 ሜትር ይሆናል፤ ዲያሜትሩ በ3.14 ሲባዛም የቤቱ ዙሪያ 18.84 ሜትር ያህል መሆኑ ይታወቃል።