ሥራ በበዛበት ሰሞን አቦል ብቻ ይበቃል

ሥራ ሲደራረብባችሁ «ቡና ሥርዓቱ ካልተሟላ» ብላችሁ አትተዉት። እሑድ ዕለት ጥሬ ቡናውን ልቀሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ከዚያ በኋላ ማክሰኞም ሆነ ሐሙስ አንድ እፍኝ መቁላት ዐሥር ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ ቶናና በረካው ለበዓል ይቆዩ። (ሳልጠራ ብሎ የሚቀየም ጎረቤት አይጠፋም፤ ይቀየም!) ጭሱ ሲነሣ ምጣዱን ይዛችሁ ክፍል ለክፍል ዙሩ፤ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለው ቤት ያን ጊዜ ነው ቤት የሚሆነው። ጀበናው ማቶቱ ላይ ጋደል ብሎ እስኪሰክን ያለችውን ጊዜ እኔ ከመጠጡም በላይ እወዳታለሁ፤ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጤና አዳም በአሮጌ ጣሳ ተክላችሁ መስኮት ላይ ብታኖሩ ደግሞ አንድ ቀንበጥ ለሲኒው አይጠፋም። ማታ ቡና እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ ለቅዳሜ ማለዳ አድርጉት።