ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው ሊብስቲዲሲ++ መስኮቱን ሲያጠቁረው

ደሴ ውስጥ ኡቡንቱ 22.04 በተጫነባቸው ማሽኖች ላይ አንድ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ጥቁር መስኮት ብቻ ያሳይ ነበር። ከተርሚናል ሲከፈት ደግሞ ሜሳን (የግራፊክስ ድራይቨሮችን የያዘውን ሶፍትዌር) ጠቅሶ «ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ 3.4.30 አልተገኘም» ይላል፤ ይህ የሊብስቲዲሲ++፣ ማለትም የሲ++ ፕሮግራሞች የሚጋሩት መደበኛ ላይብረሪ፣ የእትም ምልክት ነው።

የግራፊክስ ድራይቨሩን ዳግም መጫን ምንም አልለወጠም። ፕሮግራሙን እንደገና ማውረድም እንዲሁ፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ደግሞ ከንቱ ወጪ ነው። ኤልዲ-ላይብረሪ-ፓዝን (ላይብረሪዎች የሚፈለጉበትን ቦታ የሚያመለክተውን ቅንብር) ወደ ሲስተሙ ማዞር ጭራሽ አባሰው፦ የሲስተሙ ኪውቲ (መስኮትና አዝራር የሚሠራው ላይብረሪ) 5.15.3 ፕሮግራሙ ከያዘው 5.12 ጋር ተደባልቆ መነሳቱንም ከለከለ።

ነገሩ የተገለጠው ኤልዲ-ዲበግን (የትኛው ላይብረሪ ከየት እንደሚጫን የሚያሳየውን ቅንብር) «ሊብስ» ብሎ ፕሮግራሙን በማስነሳት ነው። ሊብስቲዲሲ++ የሚጫነው ከፕሮግራሙ የራሱ «ሊብ» ፎልደር ነበር፤ እስከ 3.4.28 ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ቅጂ። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ቀድሞ የገባው ለሁሉም ስለሚያገለግል፣ ከጂሲሲ 12 (የሲ++ ኮምፓይለር) ጋር የሚመጣውን ላይብረሪ የሚፈልገው የሜሳ ድራይቨርም ያንኑ አሮጌ ይረከባል።

መጀመሪያ በስትሪንግስና በግሬፕ (በፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ አውጥተው በሚፈልጉ ትእዛዞች) የሲስተሙ ቅጂ 3.4.30 እንዳለው ይታይ። ከዚያ በፕሮግራሙ ፎልደር ያለውን «ሊብስቲዲሲ++ ነጥብ ኤስኦ ነጥብ 6» ስሙን መቀየር ብቻ ነው (አይጥፋ፣ ይቀመጥ)። ሊብጂሲሲም (የኮምፓይለሩ አጋዥ ላይብረሪ) አጠገቡ ካለ አብሮ ይቀየር። ሎደሩ (ላይብረሪዎችን የሚጭነው የሲስተሙ ክፍል) ሲያጣው ወደ ሲስተሙ ይሄዳል፣ መስኮቱም ይከፈታል።

ኪውቲን ግን አትንኩት። ሊብስቲዲሲ++ አዲሱ ለአሮጌው ፕሮግራም እንዲያገለግል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የኪውቲ ፕለጊኖች ግን አብረው ከተገነቡበት እትም ውጭ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ፕሮግራሙ አፕዴት ሲደረግ አሮጌው ፋይል ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔም ስሙን ደግሞ መቀየር ነው።