ከተርሚናል ሆነው ማስቶዶን ላይ ፎቶና ቪዲዮ እንዴት ይለጥፋሉ?

ማስቶዶን በተባለው ማኅበራዊ መረብ ላይ ለመለጠፍ የግድ ብራውዘር መክፈት አያስፈልግም። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ቱት (toot) የተባለ ፕሮግራም ሥራውን ከተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ይጨርሰዋል። ጽሑፍ ብቻ መላክ አያስቸግርም፤ ሰው የሚደናገረው ፎቶ ሲጨመርበት ነው። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው፤ እርስዎ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ይተይቧቸው።

1. ቱትን በፒፕ (የፓይተን ፕሮግራሞች መጫኛ) ይጫኑ፤ ደቢያን ወይም ኡቡንቱ የተባሉት የሊነክስ ዓይነቶች ካሉዎት በእነሱ መጫኛ በአፕት ይገኛል። ከዚያ «ቱት ሎግኢን» ብለው የማስቶዶን መለያዎ ያለበትን ሰርቨር አድራሻ ያስገቡ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ብራውዘር ይከፈትና ፈቃድ ሰጥተው የሚያገኙትን ኮድ ወደ ተርሚናሉ ይመልሳሉ።

2. ፎቶውን ያዘጋጁ። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ፎቶው ከእጅዎ ሳይወጣ ያንን መረጃ ቢያጠፉት ይሻላል። ኤክዚፍቱል (exiftool) የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ነው፤ «ኦል» የሚጻፈው all ተብሎ ነው፦

ኤክዚፍቱል -ኦል= ፎቶ.ጄፒጂ

ዋናውን ፋይል በሌላ ስም ያስቀምጥልዎታል። የፎቶው አቅጣጫ መረጃም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ምስሉ ተጋድሞ እንዳይቀር ከፍተው ይዩት።

3. አሁን ይለጥፉ፦

ቱት ፖስት 'ፀሐይ ስትጠልቅ' --ሚዲያ ፎቶ.ጄፒጂ --ዲስክሪፕሽን 'ከተራራ ጀርባ የምትጠልቅ ቀይ ፀሐይ፣ ከፊት ለፊት አንድ ዛፍ'

ከመጋረጃው ጀርባ የሚሆነውን ማወቅ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ፋይሉና ጽሑፉ አንድ ላይ አይሄዱም። መጀመሪያ ፋይሉ ለብቻው ወደ ሰርቨሩ ይጫናል፣ ሰርቨሩም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጽሑፉ የሚላከው ያንን ቁጥር ይዞ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ካልተገኘ ወይም መጠኑ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ጽሑፉም አይወጣም። ቪዲዮ ሲሆን ሰርቨሩ ለማዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል፤ ቆመ ብለው አያቋርጡት።

የፋይሉ ስም በመሃሉ ክፍት ቦታ ካለው በጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ አለዚያ ተርሚናሉ እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያነበዋል። ለጽሑፉም ነጠላ ጥቅስ ይምረጡ። በድርብ ጥቅስ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ባሽ (ተርሚናሉ ውስጥ ትእዛዝዎን የሚያነበው ፕሮግራም) ቀድሞ የተተየበ ትእዛዝ የጠሩ መስሎት ስህተት ሊያወጣ ይችላል።

4. ከአንድ በላይ ፎቶ ካለ «--ሚዲያ»ን ለእያንዳንዱ ይድገሙት። የማስቶዶን መደበኛ ገደብ 4 ፎቶ ወይም 1 ቪዲዮ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። ከ«--ዲስክሪፕሽን» ቀጥሎ የሚጻፉት መግለጫዎች ከፎቶዎቹ ጋር የሚጣመሩት በቅደም ተከተላቸው ነው፦ የመጀመሪያው መግለጫ ለመጀመሪያው ፎቶ፣ ሁለተኛው ለሁለተኛው። አንዱን መሃል ላይ ከዘለሉ የቀሩት ሁሉ ወደ ሌላ ፎቶ ይሸጋገራሉ።

መግለጫውን እባክዎ አይተዉት። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪን አንባቢ የሚሰሙት እሱን ነው። ማስቶዶን እስከ 1500 ፊደል ይፈቅዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ፎቶ» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ምስሉ ላይ ጽሑፍ ካለ ጽሑፉን ራሱን ይገልብጡት።

5. ምስሉ ሰው ሊረብሽ የሚችል ከሆነ «--ሴንሲቲቭ» ይጨምሩ፤ ተመልካቹ ራሱ ካልከፈተው ተሸፍኖ ይቆያል።

6. ቱት መጨረሻ ላይ የልጥፉን አድራሻ ያሳያል። ከፍተው ይመልከቱት። የተሳሳተ ፎቶ ከወጣ በአድራሻው መጨረሻ ያለውን ቁጥር ወስደው «ቱት ዲሊት» ከሚለው ቀጥሎ ይጻፉት፤ ልጥፉ ይሰረዛል።